የእማዬ ጋቢና

የመኪና ሻጩ ሁለቱን ደንበኞች፣ እህትና ወንድም፣ በመስታወቱ በር ሲገቡ ሲያያቸው በስልክ የሚያወራ መሰለ። ስልኩ ግን አልጠራም ነበር። አይፈረድበትም፤ ሰዎቹ መመላለስ ከጀመሩ ሰንብተዋል፣ በመጡ ቁጥር የሚያገላብጡት ደግሞ እነዚያኑ ሁለት መኪኖች ነው፣ ነጯንና ግራጫዋን። ሁለቱም ከተራ የቤት መኪና ከፍ፣ ከትልቁ ጂፕ ዝቅ ያሉ፣ ሁለቱም በቤንዚንም በባትሪም የሚሄዱ ሃይብሪድ ናቸው። ዋጋቸውም ያን ያህል አይራራቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ዕጣ ጥሎ አንዷን ይዞ ይሄድ ነበር። እነዚህ ግን በመጡ ቁጥር የእናታቸውን ምርኩዝና የእናታቸውን ትራስ ይዘው ነው የሚመጡት።

ትራሱን የፊት ወንበር ላይ ያነጥፋሉ። ምርኩዙን በበሩና በወንበሩ መካከል ያቆማሉ። ከዚያ እህትየዋ ወገቧን ይዛ፣ እንደ እናቷ «እህ» ብላ ቀስ እያለች ትገባለች፤ ወንድምየው ጎንበስ ብሎ ጉልበቷ የት ላይ እንደሚያርፍ ያያል። ከዚያ ይጨቃጨቃሉ።

«እናታችሁን ራሳቸውን ለምን አንድ ቀን አታመጧቸውም?» አላቸው ሻጩ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ።

«ይደክማታል» አለች እህት።

«እኛ መርጠን ስንጨርስ ታየዋለች» አለ ወንድም።

እናታቸው እሱን መርፌ፣ እሷን ሚዛን ብላ ነው የምትጠራቸው፤ ስሙ ደግሞ ልካቸው ነው። መርፌ የመኪና ወንበር አልባሽ ነው። የተቀደደ የሚኒባስ ወንበር፣ የሰመጠ ሶፋ፣ ምንም ይሁን ምን እሱ እጅ ከገባ አዲስ ሆኖ ይወጣል፤ መቼ እንደሚወጣ ግን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ታላቅ እህቱ ሚዛን መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ሳትመዝን አትሰጥም። ሁለቱም «ይበቃል» የሚባል ቃል አያውቁም። ከአንድ ማህፀን የወጡ ሁለት ግትሮች ናቸው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእናታቸው ነው። የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች፤ ባሏ ልጆቹ ሳያድጉ ስለሞተባት በዚያችው ሥራ ነው ያሳደገቻቸው። ከገበያው ተነሥቶ ሐይቁ አጠገብ በሚያበቃው መስመር ላይ ሠርታ ጡረታ ወጣች። ሐይቁ የሚታየው ከመጨረሻው ፌርማታ በፊት መንገዱ ቁልቁል ሲጠመዘዝ ነው፤ ፌርማታው ራሱ ከግንብ ጀርባ ስለሆነ እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚታይ ነገር የለም። የትኬት ቆራጭ መቀመጫ ደግሞ ከኋላው በር አጠገብ ነው፣ አውቶቡሱም ሁልጊዜ ጢም ብሎ የሞላ ነው።

«ሾፌሩ በየቀኑ ሐይቅ እያየ ደመወዝ ይበላል» ትል ነበር። «እኔ የሰው ጀርባ ነው ያየሁት። ጀርባ ሳይ አረጀሁ። አንድ ቀን ጋቢና ተቀምጬ፣ መንገዱ ወደ እኔ እየመጣ፣ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ።»

ይህን ስትል ዓመታት አለፉ። እግሯ አበጠ፣ ልቧ ደከመ፣ የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት አቃታት። ታክሲ እንከራይልሽ ሲሏት «በሰው መኪና ውስጥ ተሳቅቄ ተቀምጬ ሐይቅ አይታየኝም፤ የልጆቼ ሲሆን ነው የሚያምረው» አለች። ቀልዷን ይሁን የምሯን ማንም አላጣራም። ልጆቿ ግን ያችን ቃል ይዘው ገንዘብ አዋጡና መኪና ፍለጋ ወጡ።

ነጯ ዝምተኛ ናት። ስትነሣ ድምፅ ስለሌላት ሚዛን የመጀመሪያ ቀን «ተነሥታለች እንዴ?» ብላ ጠይቃ ሻጩን አስቃዋለች። ወንበሯ ለስላሳ ነው፣ ጉድጓድ ላይ አትነጥርም፣ ነዳጅም እንደ ግራጫዋ አትወድም። ለሚዛን በዚህ ያለቀ ነገር ነው፤ ለልብ በሽተኛ ከመንገጫገጭ የባሰ ጠላት የለም። መርፌ ግን አውራ ጣቱን ስፖንጁ ውስጥ ከቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ስፖንጅ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። ደግሞ ዝቅ ብላለች። እማዬ አንዴ ከገባች የሚያወጣት ሰው ሊቀጠር ነው።»

«ያቺኛዋስ? ያ ወንበር ነው ወይስ አግዳሚ?»

ግራጫዋ ከፍ ያለች ናት፣ ወንበሯ ከወገብ እኩል ይመጣል፣ በሯም ወለል ብሎ ይከፈታል። ወንበሩ ግን እውነትም ጣውላ ነው።

«ወንበር ይሠራል፣ እትዬ» አላት። «በር ግን አይሠራም።»

«እሷ የምትሄደው በወንበር ነው በበር?»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ትንሽ እንይ።»

ሻጩ ስልኩን ከኪሱ መልሶ አወጣ።

ማታ ማታ እናታቸው እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ «ዛሬስ የትኛዋ አሸነፈች?» ትላቸዋለች። ሁለቱም እኩል ማውራት ይጀምራሉ፤ አንዱ ስለ ስፖንጅ፣ አንዷ ስለ ጉድጓድ። እሷ የአንዱን ነገር ከአንዷ እያጋጨች ስቃ ትጨርሳቸዋለች። አንድ ምሽት ግን ሳቋን ገታ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«ፌርማታ ላይ ስንት ዓይነት ሰው አየሁ መሰላችሁ። ‹ይሄኛው ሞልቷል፣ የሚቀጥለው ይሻላል› ብሎ የሚቀር አለ። የሚቀጥለውም ሞልቶ ይመጣል። ሰውየው ፀሐይ ሲመታው ይውላል።»

ሳቁ። ማንኛቸውም ግን ለእነሱ የተነገረ አልመሰላቸውም።

በዚያው ሰሞን ሚዛን እናቷን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ እናትየዋን ውጭ አስቀምጦ ልጅቷን ለብቻዋ አናገራት። ልቧ በጣም ደክሟል፣ ከእንግዲህ የሚሰጣት መድኃኒት ትንፋሿን የሚያቀልላት እንጂ የሚያድናት አይደለም፣ ወራት ብላችሁ አታስቡ አላት። ቀኑን ሙሉ ለሰው መድኃኒት ስታስረዳ የምትውለው ሚዛን አንድ ጥያቄ እንኳ መጠየቅ አቅቷት ወጣች።

እናቷ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ምን አለሽ ብላ አልጠየቀቻትም።

«ፊትሽ ነግሮኛል» አለቻት። «ለመርፌ እንዳትነግሪው። ከነገርሽው እጁ ይንቀጠቀጣል። እጁ ከተንቀጠቀጠ ምን ይቀረዋል?»

ሚዛን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ይህን ሁሉ መርፌ የሰማው በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚያውቀው በማግሥቱ እህቱ ሥራ ቦታው ድረስ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ያለችውን ብቻ ነው።

«ግራጫዋን ውሰድ።»

«ነጯስ?»

«አንተ ነህ ልክ። ዛሬውኑ ውሰዳት።»

እህቱ ልክ ነህ ስትለው በዕድሜው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ደስታው ሌላ ነበር። የተሸነፈ ሰው ለምን እንደተሸነፈ የሚጠይቅ አሸናፊ የለም፤ እሱም አልጠየቀም።

ግራጫዋ ቤት ስትደርስ እናታቸው ጫማዋን አድርጋ፣ ካፖርቷን ደርባ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። መኪናዋን ዞራ አላየችም። ቀለሟ እንዲህ ነው እንዲያ ነው አላለችም።

«በሉ እንሂድ» አለች።

«ዛሬማ አይሆንም፣ እማዬ» አለ መርፌ። «በዚህ ጣውላ ላይ አላስቀምጥሽም። ፈትቼ በልክሽ እሠራዋለሁ። ለቅዳሜ ይደርሳል።»

«ግድ የለም፣ ከኋላ እቀመጣለሁ።»

«ዕድሜሽን ሙሉ ከኋላ መቀመጥሽ አይበቃሽም? ጋቢና ነው የምትሄጂው።»

«ዛሬ ብንወስዳት ምናለበት?» አለች ሚዛን። «ወንበሩ በኋላ ይደርሳል።»

«እትዬ፣ አንዴ ግራጫዋን ብለሻል። ወደ ነጯ አትመልሽን።»

እናቱ ለሚዛን ራሷን በስሱ ነቀነቀችላት። መርፌ አይቷል፤ «ተይው» ማለቷ መሰለው። ልክም ነበር፤ ምኑን ተይው እንዳለቻት ግን አላወቀም። እናቱ ወደ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለችና ጫማዋን አወለቀች።

ያን ዕለት ማታ በርጩማው ላይ አስቀምጦ ለካት። ሜትሩን በትከሻዋ አሳለፈ፣ ከጀርባዋ ጉብታ እስከ ወገቧ ለካ፣ ድሮ ወድቃ የተሰበረባትን የግራ ዳሌዋን በእጁ ዳብሶ የት ላይ እንደሚያማት ጠየቃት። ከጉልበቷ ሥር እስከ ተረከዟ ወርዶ እግሯ እንዳይንጠለጠል ምን ያህል ከፍታ እንደሚያስፈልጋት በጠመኔ ምልክት አደረገ። የሰው ወንበር ሲለካ ኖሯል፣ ሰው ለክቶ ግን አያውቅም። የእናቱ ማነስ ትንሽ ገረመው።

«ምነው፣ ሣጥን ልትሠራልኝ ነው እንዴ?» አለችው።

መርፌ ጠመኔው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሚዛን ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ።

በማግሥቱ መኪናዋን ሥራ ቦታው ግቢ አስገብቶ ቡሎኖቹን ፈታና ወንበሩን ጠረጴዛው ላይ አወጣ። የሰው ሥራ ሁሉ ወደ ጥግ ተገፋ። ከሥር ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ ለስላሳ፤ በግራ በኩል ለዳሌዋ የምትሆን ጎድጓዳ፣ ለጀርባዋ ጉብታ ሌላ ጎድጓዳ፣ ከጉልበት ሥር ከፍታ፤ መደገፊያውንም በቁመቷ ልክ አሳጠረው። ልብሱን ከድሮ የሥራ ልብሷ ጋር የሚመሳሰል ሰማያዊ አደረገው። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት ሠርቶ አያውቅም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ክር በጠሰና ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው።

አንድ ስፌት ጠማማ ነበር። ከወንበሩ ሥር፣ ወደ ውስጥ በሚታጠፈው ጠርዝ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ ባትሪ ያላበራ ሰው በማያየው ቦታ። ጃኬቱን ለበሰ፣ እስከ በሩ ድረስ ሄደ፣ ተመለሰ። ከጠርዙ ጀምሮ ጎኑን በሙሉ መተርተር ነበረበት። ተረተረው። ከዚያ ቤት ደወለ።

«እማዬ፣ ለማክሰኞ ቢሆን ምን ይልሻል? አንድ ስፌት ተጣሞብኝ።»

«የት ጋ?»

«ከሥሩ ነው።»

«ማን ሊያየው፣ የኔ መርፌ?»

«እኔ አየዋለሁ።»

ትንፋሿ ይሰማል፤ ስልኩን ልታነሣ ተራምዳ የመጣች መሰለው።

«እሺ» አለችው። «ማክሰኞ።»

ሰኞ ጠዋት ስፌቱ ቀጥ ብሎ እየሄደለት ሳለ ሚዛን ደወለች። እማዬ ትንፋሽ አጥሯታል፣ ታክሲ ውስጥ ነን፣ ሆስፒታል ና አለችው። መርፌውን ስፖንጁ ላይ እንደሰካ ወደ ግቢው ሮጠ። ግራጫዋን አስነሣት። ከጎኑ ወንበር የለም፤ የቡሎን ቀዳዳዎችና አንድ የተንጠለጠለ ሽቦ ብቻ። መንገዱን ሁሉ ያንን ባዶ ላለማየት አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ ነዳ።

ሚዛን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። የእናታቸው ጫማ ጭኗ ላይ ነው። መርፌ ጫማውን ሲያይ አወቀ፤ መጠየቅ አላስፈለገውም። እህቱ እግር ሥር ቁጭ አለ።

ቀብሩ አለፈ። ቤት ሞልቶት የከረመው ለቀስተኛም አንድ ባንድ ሄደ። ሁለቱ ብቻቸውን የቀሩ ቀን ሚዛን ሁሉንም ነገረችው፤ ሐኪሙ ያለውን፣ እናታቸው ኮሪደሩ ላይ ያለቻትን። ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«አትንገሪው አለችኝ።»

«አንቺስ? አንቺ የራስሽ አፍ የለሽም? ብትነግሪኝ ኖሮ በርጩማ ላይም ቢሆን አስቀምጬ እወስዳት ነበር። በጀርባዬም እወስዳት ነበር።»

«ከኋላ እቀመጣለሁ ስትልህ ሰምተሃል» አለችው ሚዛን። ቀስ ብላ ነው ያለችው። «እኔም ዛሬ እንውሰዳት ብዬህ ነበር።»

እህቱም ቃሉን እንደተናገረች ወዲያው ተጸጸተች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና ቀረ። እሷው መልሳ ተናገረች።

«ታክሲው ውስጥ ተደግፋኝ ነበር። ባለታክሲው ግዙፍ ሰውዬ ነው። ቀና ብላ አየችውና ‹ዛሬም ጀርባ› አለች። ሳቀች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።»

መርፌ ያኔ ነው ያለቀሰው። በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰውን ሁሉ አለቀሰ። ሚዛን አላባበለችውም፤ አብራው አለቀሰች።

ወንበሩን ጨረሰው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ፤ ራሱን በዚያ እየሰደበ ጨረሰው። የተረተረውን ጎን ቀጥ አድርጎ ሰፋ፣ ሽቦውን ሰካ፣ ቡሎኖቹን አጠበቀ። እጁ ተንቀጥቅጦ ስፌቱ ከሌላው ጊዜ ትንሽ ሰፋ ሰፋ ብሏል፤ እናቱ ልክ ነበረች። እንደገና ግን አልተረተረውም።

አንድ እሑድ ጠዋት ከገበያው ተነሡ። ሚዛን ጋቢና ገብታ ለመቀመጥ ሞከረች። የግራው ጎድጓዳ ወደ አንድ ጎን አዘነበላት፣ የጀርባው ጎድጓዳ ከትከሻዋ በታች ባዶ ሆኖ ቀረ፣ ጉልበቷም ከልኩ በላይ ወጣ። ቀና ብትል፣ ዝቅ ብትል አልሆነላትም።

«የእሷ ነው» አለች። ወርዳ ከኋላ ተቀመጠች።

መርፌ በእናቱ መስመር ነዳ። ፌርማታዎቹን አላለፋቸውም፤ እያንዳንዳቸው ላይ ፍጥነቱን ቀነስ ያደርጋል፣ ሰው የሚያወርድ ይመስል። መንገዱ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ሞተሩ ጠፍቶ በባትሪ ብቻ መሄድ ጀመረች፤ የጎማው ድምፅ ብቻ ቀረ። ጥምዝምዙን ሲታጠፉ ሐይቁ ድንገት ወጣ።

ዳር ይዞ አቆመ። ጠዋት ስለሆነ ውሃው አይንቀሳቀስም፤ ወዲያ ማዶ አንዲት ጀልባ አለች። ሰማያዊው ወንበር ላይ ፀሐይ አርፏል። መርፌ መሪውን እንደያዘ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር ጠየቀ።

«እትዬ፣ ከኋላ ይታያል?»

የኋላው ወንበር ሲጢጥ አለ፤ ሚዛን ወደ ፊት ተጠጋች።

«አይታይም» አለች በመጨረሻ። «ወንበርህ ይጋርደዋል።»

በረጅሙ ተነፈሰ። «ብያለሁ» አለ ለራሱ። «ከኋላ ተቀምጣ ብትመጣም አታየውም ነበር።»

ሚዛን በሩን ከፍታ ወጣች። መንገዱ ዳር ያለው የድንጋይ አጥር ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያያል። እህቱ ቃል ሳትመዝን ሰጥታ አታውቅም። ይህችኛዋን ደግሞ ብዙ ነው የመዘነቻት።

ወረደ። ዞሮ የኋላውን በር ከፈተና እሷ የነበረችበት ቦታ ገብቶ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ገና አልቀዘቀዘም። ቀና አለ።

የሰማያዊው ወንበር መደገፊያ ለእናቱ ቁመት የተሠራ ስለሆነ አጭር ነው። ምንም የሚጋርደው ነገር አልነበረም።

ሚዛን ዞር ስትል እዚያ ተቀምጦ አየችው። ምን እንዳየ ገባት። መጥታ በወዲያኛው በር ገባችና ከጎኑ ተቀመጠች፣ እጁንም ያዘችው። ከፊታቸው ማንም አልነበረም፤ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ይታያል።